የኢሜይል ሰርቨር ተገዝቶ አያልቅም፦ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችና የግል ኩባንያዎች ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የኢሜይል ሰርቨርን ሳያቋርጡ ማደስን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ለአይቲ ክፍላችሁ አልጻፍኩትም። እነሱ ጉዳዩን ያውቁታል። ብዙዎቹ ማስታወሻ ጽፈው፣ በስብሰባ ላይ አንስተው፣ «ቆይ እናየዋለን» ተብለው ተመልሰዋል። የምጽፈው ለእናንተ ነው። በጀት የምታጸድቁት እናንተ ናችሁ። «ቅዳሜ ሌሊት ኢሜይሉ ለሁለት ሰዓት ይቋረጥ» ሲባል እሺ ወይም እምቢ የምትሉትም እናንተ ናችሁ።

ከእናንተ በኩል የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰርቨሩ ተገዝቷል፣ ተተክሏል፣ ርክክብ ተፈጽሟል። ደብዳቤው ይሄዳል፣ ይመጣል። ታዲያ ምን ጎደለና ነው በየጊዜው አፕዴት አፕዴት የምትሉት? አንዳንድ የፋይናንስ ሰዎች ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምሩበታል። «መጀመሪያውኑ ጥሩ ሶፍትዌር ብትመርጡ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጥገና ባላስፈለገ» ይላሉ።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ደስ ይለኛል። መልስ አለውና። መልሱም በወሬ ሳይሆን በተግባር የታየ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። (ስለ ውጭ አገር ጉዳዮች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ኢንተርኔት ላይ ኢሜይል በብዛት የሚያመላልሰው ሴንድሜይል የሚባል ሶፍትዌር ነበር። በደህንነት ክፍተት ደጋግሞ የሚነሳ ስም ነበረው። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ዎርም (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም) በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ሽባ አደረገ። ከገባባቸው በሮች አንዱ ሴንድሜይል ነበር። ለፕሮግራመሮች መፈተሻ ተብሎ የተሠራ ትዕዛዝ በብዙ ማሽኖች ላይ ክፍት እንደሆነ ቀርቶ ነበር። ያንን ትዕዛዝ የላከ ሁሉ ማሽኑን በሩቅ ማዘዝ ይችላል።

ዳንኤል በርንስታይን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቅ በዚህ ዓይነት ነገር ተማረረና የራሱን ሠራ። ኪውሜይል ይባላል። አሠራሩ ዛሬም ድረስ የሚደነቅ ነው። ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች አከፋፈለ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን የለውም። አንዱ ቢሰበር ሌላው እንዲተርፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከዚያ በ1997 በኪውሜይል ላይ የደህንነት ክፍተት መጀመሪያ ለሚያገኝ ሰው 500 ዶላር እከፍላለሁ ብሎ አወጀ። 1.03 የተባለው እትም በ1998 ወጣ። ከዚያ በኋላ ደራሲው አዲስ እትም አላወጣም። የፋይናንስ ሰዎቻችን የሚመኙት ዕቃ ማለት ይህ ነው። አንዴ ተሠርቶ ያለቀ፣ ደራሲው በገንዘቡ የሚወራረድበት ሶፍትዌር።

በ2005 ጆርጂ ጉኒንስኪ የተባለ ቡልጋሪያዊ ተመራማሪ ክፍተት አገኘሁበት አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ የአንድን ጽሑፍ ርዝመት የሚቆጥርበት ቦታ አለው። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ተመልሶ ከትንሽ ይጀምራል። ፕሮግራሙም ጽሑፉ አጭር ነው ብሎ ያምንና ትንሽ ቦታ ያዘጋጅለታል። ግዙፉ ጽሑፍ ከተዘጋጀለት ቦታ አልፎ በሌላው ሜሞሪ ላይ ይጻፋል። ይህ እንዲሆን ግን ባለ 64 ቢት ኮምፒውተርና ብዙ ጊጋባይት ሜሞሪ ያስፈልጋል። የበርንስታይን መልስ በአጭሩ «ለአንድ የኪውሜይል ፕሮግራም ጊጋባይት ሜሞሪ የሚሰጥ ማንም የለም» የሚል ነበር። ክፍተቱን አልተቀበለውም። ሽልማቱም አልተከፈለም። እውነቱን ለመናገር በጊዜው ሲታይ ሰውየው አልተሳሳተም።

ከዚያ 15 ዓመት አለፈ። በሜይ 2020 ኳሊስ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች ያንኑ የቆየ ክፍተት መልሰው አነሱት። ዴቢያን በተባለው የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ኪውሜይልን እንደመጣ ጫኑት። የሜሞሪ ገደብ ያስቀመጠለት የለም። ግዙፍ ኢሜይል ላኩበት። ከርቀት ሆነው ማሽኑ ላይ ትዕዛዝ አስፈጸሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጉኒንስኪ ያሳየው የኪውሜይል ኮድ በእነዚያ 15 ዓመታት አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው ኮምፒውተሩ ነው። በ1998 የአንድ ሰርቨር ሜሞሪ በሜጋባይት ነበር የሚቆጠረው። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ጊጋባይቶች አሉት። በ1998 አስተማማኝ የነበረው ግምት በ2020 ውሸት ሆነ። ሶፍትዌሩን ማንም ሳይነካው አስተማማኝነቱ ከሥሩ ተነሳ።

ኪውሜይል ላይ የደረሰው ይህ ብቻም አይደለም። በሴፕቴምበር 2014 ሼልሾክ የተባለ ክፍተት ወጣ። ክፍተቱ ያለው ባሽ በተባለው፣ በሊነክስ ላይ ትዕዛዝ በሚቀበለው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ከኪውሜይል ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ነገር ግን አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ኪውሜይል የመጣለትን ደብዳቤ ለሌላ ፕሮግራም እንዲያስተላልፍ አድርገው ያዋቅሩታል። ሲያስተላልፍ በባሽ በኩል ያልፋል። የላኪውን አድራሻም ይዞ ያልፋል። በአድራሻው ቦታ ላይ ተንኮል የጻፈ ሰው በዚያ መንገድ ማሽኑን ማዘዝ ይችል ነበር። በጥንቃቄ የተጻፈው ፕሮግራም የጎረቤቱ መግቢያ በር ሆነ።

ስለዚህ «ጥሩ ሶፍትዌር ምረጡ» ለሚለው መልሴ ይህ ነው። እንምረጥ፣ ልዩነት አለው። ፖስትፊክስ የተባለውን የኢሜይል ሰርቨር ከድሮ ሴንድሜይል ጋር የሚያወዳድር የለም። ምርጫው ግን ከማደስ ነፃ አያወጣንም። ሰርቨሩ ብቻውን አይኖርም። ከሥሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፣ ምስጢር የሚያመሰጥርለት ላይብረሪ አለ፣ አባሪ የሚፈታለት ፕሮግራም አለ፣ በብራውዘር የሚከፈት ዌብሜይል አለ። አንዳቸው ሲያረጁ ሁሉም ያረጃሉ።

«እሺ፣ ግን ለምን ኢሜይል? ሌሎች ሲስተሞችም አሉን እኮ» ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሁሉም መታደስ አለባቸው። ኢሜይል ግን የተለየ ችግር አለበት። የፔሮል ሲስተማችሁን ከግቢ ውጭ እንዳይታይ መደበቅ ትችላላችሁ። የሒሳብ ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት ልታላቅቁት ትችላላችሁ። የኢሜይል ሰርቨርን ግን አትችሉም። ፖርት 25 የተባለውን የደብዳቤ መግቢያ በር ለዓለም ሁሉ ከፍቶ መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ካልከፈተ ደብዳቤ አይደርሰውም። የላከው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀበላል። አድራሻውን ያነባል፣ ፊደሉን ይተረጉማል፣ አባሪውን ይፈታል፣ ቫይረስ ይፈትሻል። ይህ ሁሉ ሥራ የማያውቀው ሰው በጻፈው ነገር ላይ ነው። ተቀባዩ ሠራተኛ ደብዳቤውን ባይከፍተውም ሰርቨሩ ከፍቶታል።

የዚምብራ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ዚምብራ የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ነው፤ በነፃ የሚገኝ እትም ስለነበረው እኛም አገር የታወቀ ነው። በውስጡ የመጣ አባሪን ለቫይረስ ፍተሻ የሚፈታ አማቪስ የሚባል ፕሮግራም አለ። አማቪስ አንዳንድ የታሸጉ ፋይሎችን ለመፍታት ሲፒአይኦ የተባለ በጣም የቆየ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። ሲፒአይኦ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የታወቀ ክፍተት አለበት። በተንኮል የታሸገ ፋይል ከሰጠኸው ፋይሉን ባላሰብከው ቦታ ያስቀምጥልሃል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 2022 አካባቢ አጥቂዎች ይህን ተጠቀሙበት። ኢሜይል ይልካሉ። ሰርቨሩ አባሪውን ለፍተሻ ይፈታል። ሲፈታው የአጥቂው ፋይል በዌብ ማውጫው ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ አጥቂው በብራውዘር ይገባል። ለመከላከያ ተብሎ የተተከለው ፍተሻ ራሱ መግቢያ ሆነ ማለት ነው። ማንም ሠራተኛ ምንም አልተጫነም። መፍትሔውስ? ፓክስ የተባለ ሌላ መፍቻ መጫንና ሰርቨሩን ማስነሳት። የአሥር ደቂቃ ሥራ። የአሥር ደቂቃውን ሥራ የሚሠራ ሰው ያልተመደበበት ቦታ ግን ለወራት ክፍት ሆኖ ቆየ።

አሁን ስለ ጊዜ ላውራ። ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አፕዴት ሲወጣ «የሚቀጥለው በጀት ዓመት ይደረሳል» ይባላል። በእርግጥ አፕዴቱ ከመውጣቱ በፊት ክፍተቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከወጣ በኋላ ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። አጥቂዎች አሮጌውንና አዲሱን እትም ጎን ለጎን አስቀምጠው የተለወጠውን ያያሉ። የተለወጠው ቦታ ክፍተቱ ነበር። ስለዚህ አፕዴት በወጣ ማግስት ያላደሰ ሰርቨር፣ ከትናንቱ የባሰ አደጋ ላይ ነው።

ኤግዚም የተባለውን የኢሜይል ሰርቨር ውሰዱ። 4.92 የተባለው እትሙ በፌብሩዋሪ 2019 ወጣ። በውስጡ አንድ ማስተካከያ ነበረበት፣ እንደ ደህንነት ጉዳይ ግን ማንም አላየውም። ስለዚህ ብዙዎች በአሮጌው ቀጠሉ። በጁን ላይ ኳሊስ የተስተካከለው ነገር ምን እንደነበር ይፋ አደረገ። በተቀባይ አድራሻ ቦታ ላይ ትዕዛዝ ብትጽፍ ሰርቨሩ በሙሉ ሥልጣን ይፈጽመዋል። የሚገርመኝ ዝርዝር አለው። በተለመደው አወቃቀር ከርቀት ለማጥቃት ግንኙነቱን ለ7 ቀን ክፍት አድርጎ መቆየት ያስፈልጋል። በየጥቂት ደቂቃው አንዲት ፊደል እየላኩ። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ትዕግሥት ያላቸው ሰዎች አልጠፉም። በአንዳንድ አወቃቀር ደግሞ መጠበቅም አያስፈልግም ነበር፤ በዚያው ወር ጥቃት ተጀመረ።

በሜይ 2020 የአሜሪካው የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሳንድዎርም የሚባለው የሩሲያ ወታደራዊ መረጃ ቡድን ቢያንስ ከኦገስት 2019 ጀምሮ ይህንኑ ክፍተት እየተጠቀመ ነው አለ። ቀኖቹን አስተያዩአቸው። ማስተካከያው በፌብሩዋሪ ነበር። ክፍተቱ በጁን ታወቀ። ቡድኑ በኦገስት እየሠራበት ነው። ማስጠንቀቂያው የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። እዚያ መሃል የተጠቃ ሁሉ የተጠቃው መድኃኒቱ ተሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ኤክስቼንጅ የተባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ አጥቂዎች ፕሮክሲሎጎን በተባሉ ክፍተቶች እየገቡ ነበር። ማይክሮሶፍት በማርች 2 ማስተካከያ አወጣ፤ ጥቃቱንም ሃፍኒየም ብሎ የሰየመው ከቻይና ጋር የተያያዘ ቡድን ያደረሰው ነው አለ። በቀናት ውስጥ ሌሎችም ተጨመሩ። ኢሴት የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ በዚያው ወር ቢያንስ 10 የተራቀቁ ቡድኖችን ቆጠረ። ከ115 በላይ በሆኑ አገሮች ከ5,000 በላይ ሰርቨሮች ላይ የአጥቂ መግቢያ ፋይል አየ። የኖርዌይ ፓርላማ ተጠቃ። የአውሮፓ የባንክ ባለሥልጣን የኢሜይል ሲስተሙን ከኢንተርኔት አወረደ።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ይታያል፤ ሁለቱም ለእናንተ ውሳኔ ይጠቅማሉ።

አንደኛው የተጠራቀመ ዕዳ ነው። ማስተካከያው ሲወጣ የሚሠራው በቅርብ እትሞች ላይ ብቻ ነበር። ለዓመታት ያላደሰ መሥሪያ ቤት ማስተካከያውን ልጫን ቢል አይጫንለትም። መጀመሪያ ትልቁን እትም ማሳደግ አለበት። ያ ደግሞ ሰዓታት የሚፈጅ፣ ሊሰናከል የሚችል ሥራ ነው። አጥቂው በር ላይ ቆሞ እያለ። ማይክሮሶፍት ይህን አይቶ ከቀናት በኋላ ለአንዳንድ አሮጌ እትሞችም ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚያድስ ሰው በዚያች ሌሊት የሚጠብቀው አጭር ሥራ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ማስተካከያው በሩን ይዘጋል፤ ቀድሞ የገባውን ግን አያስወጣም። በአፕሪል 2021 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አንድ ያልተለመደ ነገር አሳወቀ። ኤፍቢአይ በፍርድ ቤት ፈቃድ በመቶዎች በሚቆጠሩ የአሜሪካ ሰርቨሮች ላይ የቀሩትን የአጥቂ ፋይሎች ራሱ ገብቶ አጥፍቷል። ባለቤቶቹ አላጸዱትምና። እንዲህ ያለ ነገር ለእናንተ የሚያደርግላችሁ የለም። ስለዚህ ዘግይቶ ያደሰ መሥሪያ ቤት «አደስን» ብሎ እፎይ ማለት አይችልም። ሎጉን (የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ) መመርመር፣ ያልተለመደ ፋይል መፈለግ፣ ፓስዎርድ መቀየር ይከተለዋል።

በነገራችን ላይ፣ ኮድ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ አያልቅም። በዲሴምበር 2023 የኦስትሪያው ሴክ ኮንሰልት ያወጣው ግኝት የማንንም ፕሮግራም ስህተት አይመስልም ነበር። ሁለት ሰርቨሮች አንድ ደብዳቤ የት እንደሚያልቅ በተለያየ መንገድ ይረዱታል። አንደኛው አንድ ደብዳቤ ያየውን ሌላኛው ሁለት አድርጎ ያነበዋል። በመሃሉ አጥቂው በሌላ ሰው ስም የጻፈው ደብዳቤ ሾልኮ ይገባል። ሰርቨሮቹ የሚግባቡበት ደንብ መሠረቱ የ1982 ነው። ፖስትፊክስ፣ ኤግዚምና ሴንድሜይል ሁሉም ማስተካከያ ማውጣት ነበረባቸው።

አሁን ስለ ፍርሃቱ ላንሳ፤ ፍርሃቱ እውነት ነውና። አፕዴት አንዳንዴ ያበላሻል። አይቲ ክፍሉ አድሶ ጠዋት ላይ ኢሜይል ቢቆም የሚወቀሰው እሱ ነው። ሳያድስ ቀርቶ ሃከር ቢገባ ደግሞ «ሃከር ገባ» ተብሎ ይታለፋል። ከዚህ አንጻር አለማደስ ለሠራተኛው የሚያዋጣ ውሳኔ ነው። ይህን ሚዛን የምትለውጡት እናንተ ናችሁ።

ፍርሃቱን ሰምቶ የዘገየ ትልቅ ኩባንያም አለ። ራክስፔስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሺዎች ደንበኞች ኤክስቼንጅ ያስተዳድር ነበር። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2022 ያወጣውን ማስተካከያ አንዳንድ ችግር ያመጣል የሚል ወሬ ስለነበር ወዲያው አልጫነውም። በምትኩ ጊዜያዊ መከላከያ አደረገ። በዲሴምበር መጀመሪያ ቤዛ የሚጠይቁ አጥቂዎች ያንን ጊዜያዊ መከላከያ በሌላ መንገድ አልፈው ገቡ። ድርጅቱ ያንን አገልግሎት መልሶ አላቋቋመውም። ደንበኞቹን ወደ ሌላ አዛወራቸው። ባለሙያ የሞላበት ቤት ነው እንግዲህ።

ወደ እኛ ቤት ልመለስ። የእኛ አሠራር ከግዥ ጋር የተጣበቀ ነው። ፕሮጀክት ይቀረጻል፣ ጨረታ ይወጣል፣ አሸናፊው ይተክላል፣ ርክክብ ይፈረማል። ገንዘቡ ከካፒታል በጀት ነው። ከርክክብ ማግስት ጀምሮ ያለው ሥራ ግን መደበኛ በጀት ውስጥ መስመር የለውም። ዋስትና ይኖራል፤ ዋስትናው የሚያወራው ግን ስለሚበላሽ ዕቃ ነው። «የደህንነት ማሻሻያ በወጣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይጫናል» የሚል አንቀጽ ያለበት ውል ብርቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና በየዓመቱ ምርመራ አልፎ ቦሎ ካልተለጠፈለት ከግቢ አይወጣም፤ ለሰርቨሩ ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ የተከለው ልጅ ሥራ ይለቃል። የተሻለ ደመወዝ ያገኛል ወይም ውጭ ይወጣል፤ ማን ይፈርድበታል? የሚተካው ሰው ሰርቨሩን ለመንካት ይፈራል። መብራት መሃል ላይ ሄዶ አፕዴቱ ቢቋረጥስ የሚለው ስጋትም በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ላይሰንስ ያልተከፈለበት ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ደግሞ እንዳይነቃባቸው አፕዴቱን ጭራሽ ይዘጉታል። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ድጋፉ ያለቀ ሰርቨር ነው። ሴንት ኦኤስ 7 የተባለው የሊነክስ እትም ድጋፍ በጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል። የኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት በምትካቸው ያወጣው በደንበኝነት ክፍያ የሚሠራ እትም ነው። አንዴ ገዝቶ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ሻጩ ራሱ ትቶታል። በእነዚህ ላይ የቆማችሁ ከሆነ ጎበዝ ባለሙያ መቅጠር ብቻውን አይፈታውም። በመደበኛ ድጋፍ የሚወጣ ማስተካከያ የለምና።

«እኛን ማን ያጠቃናል? ምን አለን?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አጥቂው እናንተን አያውቃችሁም። ፕሮግራሙ የኢንተርኔት አድራሻዎችን አንድ በአንድ እየነካ ይሄዳል። የቆየ እትም ያገኘበት ቦታ ይገባል። ከዚያ ሰርቨራችሁ ስፓም መላኪያ ይሆናል። መጀመሪያ የምታውቁት ደብዳቤያችሁ ለደንበኛ ሳይደርስ ሲቀር ነው፤ አድራሻችሁ በጥቁር መዝገብ ገብቷል። ሠራተኛው «የቢሮው ኢሜይል አይሠራም» ብሎ ወደ ግል ጂሜይሉና ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በየሰዉ ስልክ ተበትኖ ይቀራል።

ወይም ዝም ብሎ የሚያነብ አጥቂ ይገባባችኋል። ይሄኛው ይብሳል። ከዱባይ ወይም ከቻይና አቅራቢ ጋር በፕሮፎርማ የሚጻጻፍ አስመጪን አስቡ። አጥቂው ለሳምንታት ያነባል። ክፍያው ሲቃረብ በአቅራቢው ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ይልካል። ቋንቋው፣ የፋክቱር ቁጥሩ፣ ሁሉም ትክክል ነው፤ ሲያነብ ከርሟልና። በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት የኢሜይል ማጭበርበር ለኤፍቢአይ ሪፖርት የተደረገለት ኪሳራ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እርግጥ ይህ ሁሉ በሰርቨር ክፍተት የመጣ አይደለም፤ የተሰረቀ ፓስዎርድም አለበት። ያልታደሰ ሰርቨር ግን ለእንዲህ ያለው አንባቢ ምቹ ቦታ ነው።

የሕጉም ጉዳይ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል። በኢሜይላችሁ ውስጥ የሥራ አመልካቾች ሰነድ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የደንበኛ መታወቂያ አለ። «አይቲ ክፍሉ ነው» የሚለው መልስ ከመሥሪያ ቤቱ በር ውጭ አያስኬድም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው።

ለኢሜይል ሰርቨሩ በስም የሚታወቅ አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ መድቡ። «አይቲ ክፍል» የሚባል ሰው የለም። ለዚያ ሰው አንድ ሥልጣን በጽሑፍ ስጡት፤ ከባድ ክፍተት ሲወጣ ደብዳቤ ሳይጽፍና ፊርማ ሳይጠብቅ በዚያው ሌሊት ሰርቨሩን አቁሞ ማደስ እንዲችል። ጠዋት ኢሜይል ቢዘገይ ከጎኑ ቁሙ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፤ ከምጠይቃችሁም ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

በወር አንድ የታወቀ ሌሊት ይኑር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ያወጣል፤ በእኛ ሰዓት ምሽት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሌሊት ብትይዙ ለመፈተሽ ጊዜ ይተርፋል። ሠራተኛው ሁሉ ይወቀው። የታወቀ መቋረጥ ቅሬታ አያመጣም። ለመፈተሻ የሚሆን ተመሳሳይ ቅጂ፣ የሚሠራ ባክአፕና ለመብራቱ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። እነዚህን መደበኛ በጀት ውስጥ አስገቡ። ባክአፑ ተመልሶ እንደሚነሳ አንዴ ሞክሩት፤ ያልተሞከረ ባክአፕ አለኝ ማለት አይቻልም።

ፖርት 25 ክፍት መሆኑ ግዴታ ነው። ዌብሜይሉና የአስተዳዳሪው ገጽ ግን ግዴታ አይደሉም። ከቪፒኤን (ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ከሚከፈት የተመሰጠረ መግቢያ) ኋላ ይግቡ። በፕሮክሲሎጎን ጊዜ በዚህ መንገድ የተደበቁ ሰርቨሮች ቢያንስ ከውጭ በቀጥታ አልተነኩም። ይህ ማደስን አይተካም፣ ለማደስ ጊዜ ይገዛል።

የሚቀጥለው ጨረታ ሰነድ ላይ ደግሞ የሶፍትዌሩ ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ሁለት ዓመት የቀረውን ሶፍትዌር ለአምስት ዓመት አትግዙ።

ይህን ሁሉ ማድረግ የማትችሉ ትኖራላችሁ። ሦስት የአይቲ ሠራተኛ ያለው፣ ሦስቱም ፕሪንተር ሲጠግኑ የሚውሉበት ቤት አውቃለሁ። እንዲህ ከሆነ የራሳችሁን ሰርቨር ዝጉና ኢሜይሉን ሥራዬ ብሎ ለሚያድስ አቅራቢ ስጡ። መረጃው የት እንደሚቀመጥ ሕግ አዋቂ አማክሩ፣ የዶላር ክፍያውንም አስቡበት። እሱም ቢሆን ፓስዎርዱንና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አይወስድላችሁም። ነገር ግን ተትቶ ከቆመ ሰርቨር ይሻላል። በራስ ግቢ ውስጥ መሆኑ ብቻ ደህና አያደርገውም።

ለጅምሩ ሰኞ ጠዋት የአይቲ ኃላፊያችሁን ጠርታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። የኢሜይል ሰርቨራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? የሚሠራበት እትም ድጋፍ የሚያበቃውስ መቼ ነው? ሁለት ቀኖች በጽሑፍ ይስጧችሁ። አንደኛውን ቀን ማግኘት ካልቻሉ፣ ወይም ሁለተኛው ቀን ያለፈ ከሆነ፣ የሳምንቱ የማኔጅመንት ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ይሁን፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው ያስረዱ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ

ግልባጭ፦
ለግዥና ፋይናንስ ክፍሎች
ለውስጥ ኦዲት
ለአይቲ ክፍል (ለመረጃ ያህል፤ እናንተማ ታውቁታላችሁ)